ዝም ያለውን ቫልቭ ፍሩ፦ የቮልስን ሞተር በቅዳሜና እሁድ በራስ እጅ ማስተካከል

አዲስ አበባ ውስጥ ያደገ ሰው የቮልስ ትዝታ አያጣም። የአጎቱ ነበረች፣ ወይም የጎረቤቱ፣ ወይም ጠዋት ጠዋት ተገፍታ የምትነሳው የአስተማሪው። ጃንሆይም መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስዋገን ነው። የእኔዋ ያን ያህል ታሪክ የላትም። ከአባቴ የወረስኳት ባለ 1300 ሞተር ቮልስ ናት። እሷን በራሴ እጅ መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ ቅዳሜን የምጠብቀው በሌላ ጉጉት ነው።

ይህ መመሪያ ስለ ቀለምና ስለ ሚያብረቀርቅ ቸርኬ አይደለም። ከኋላ ያለውን ሞተር ጤናማ አድርጎ ስለማቆየት ነው። ሥራው ሁለት ቀን ይበቃዋል። የተለየ ሙያም አይጠይቅም። የሚጠይቀው ቅደም ተከተልና ትዕግሥት ነው።

አስቀድሞ አንድ ነገር በደንብ ይያዝልኝ። የቮልስ ሞተር ውኃ የለውም። የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያው የሚነፋው አየርና ውስጡ የሚዞረው ዘይት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለምትገኝ አየሯ ከባሕር ዳርቻው አየር ወደ ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ሞተሩ ጉልበት ከሚያጣው በተጨማሪ ማቀዝቀዣው አየርም ይሳሳበታል ማለት ነው። ስለዚህ እዚህ የሚነዳ ቮልስ ለትንንሽ ጉድለቶች ይቅርታው ጥቂት ነው።

ዓርብ ማታ፦ ዕቃ ማሟላት

የመጨረሻዋ ቮልስ ከሜክሲኮዋ ፑዌብላ ከተማ ፋብሪካ የወጣችው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። እስከዚያ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርተዋል። ለዚህ ነው ዕቃዋ እስከ ዛሬ የማይጠፋው። ሶማሌ ተራ ወርዳችሁ ብትጠይቁ አብዛኛውን ታገኛላችሁ። ያጣችሁትን ደግሞ ምናለሽ ተራ ፈልጉ።

የሚያስፈልጉት እነዚህ ናቸው። የሁለቱ ቫልቭ ክዳኖች የቡሽ ጓርኒሲዮን፣ ፑንቲናና ኮንደንሰር፣ አራት ካንዴላ፣ የዘይት ወንፊቱ ሁለት የወረቀት ጓርኒሲዮንና ስድስት ትንንሽ የመዳብ ሮንዴላ፣ ሦስት ሊትር ዘይት፣ ሁለት ሜትር ያህል የቤንዚን ቱቦ ከነማጥበቂያ ቀለበቱ። ከመሣሪያ ደግሞ የ10፣ የ13፣ የ19 እና የ21 ቁልፍ፣ የካንዴላ መፍቻ፣ ሰፊ ካቻቪቴ፣ ፊለር ጌጅ (ጠባብ ክፍተት የሚለካ ስስ ብረት)፣ ሁለት ሽቦ ያለው የመፈተሻ አምፖል፣ ክሪክና ሁለት ጠንካራ የብረት ማቆሚያ። አምፖሉን ከመግዛታችሁ በፊት ባትሪያችሁን እዩት። የቆዩት ቮልሶች 6 ቮልት ናቸው፣ የኋላዎቹ 12።

የቤንዚን ቱቦውን በዋጋ አትምረጡት። ርካሹ ቱቦ ላዩን በክር ተጠልፎ ሲታይ ያምራል። ሞተሩ አጠገብ ባለው ሙቀት ግን በአጭር ጊዜ ይሰነጣጠቃል።

መኪናዋን ማታውኑ ሥራው በሚሠራበት ቦታ አቁሟት። ጠዋት ለማንቀሳቀስ ብላችሁ እንኳ አታስነሷት። ቫልቭ የሚለካው ሞተሩ ሌሊቱን አድሮ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት፦ ቫልቭ

የዚህ ሁሉ ሥራ ልብ ይህ ነው። ሌላውን ብትዘሉት እንኳ ይህንን አትዝለሉ።

ለምን? የተቃጠለውን ጋዝ የሚያሳልፈው አስወጪው ቫልቭ በእሳት መካከል ነው የሚኖረው። ሙቀቱን የሚያራግፈው ተዘግቶ መቀመጫው ላይ በሚያርፍባት ቅጽበት ነው። ቫልቩን ገፍቶ በሚከፍተው ሮከርና በቫልቩ ጫፍ መካከል ያለው ክፍተት ከጠፋ ቫልቩ ጨርሶ አይዘጋም። ሙቀቱ መውጫ ያጣል፣ ቫልቩም ይቃጠላል። አንዳንዴም አንገቱ ይቆረጥና ፒስተኑን ይመታል። ያኔ ወጪው የጓርኒሲዮን ዋጋ መሆኑ ይቀራል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቫልቩ ሲላላ ቲክ ቲክ ይላል፣ ባለቤቱም ይደነግጣል። የሚላላ ቫልቭ ግን ይጮሃል እንጂ ቶሎ አይጎዳም። የሚያስፈራው የጠበቀው ነው፤ እሱ ድምፅ የለውም። «ሞተሯ እንዴት ፀጥ ብላለች!» ብሎ የሚደሰት የቮልስ ባለቤት ካያችሁ መቼ ቫልቭ እንዳስለካ ጠይቁት። እኔ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ እለካለሁ።

ወደ ሥራው። የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ማርሹን ዜሮ አድርጉ፣ የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ ወይም በእንጨት አግዱ። የኋላውን በክሪክ አንሡና በሁለቱ የብረት ማቆሚያዎች ላይ አሳርፉት። ክሪክ ብቻውን በያዘው መኪና ሥር አትግቡ። ለአንዲት ደቂቃም ቢሆን አትግቡ። ብሎኬትም አይታመንም፣ ሳይታሰብ ይፈረካከሳል።

አራቱን ካንዴላዎች ፍቱ። ሞተሩን በእጅ ለማዞር ይቀላል። ስትፈቱ በቅደም ተከተል አስቀምጧቸው፣ ኋላ እናነባቸዋለን። ከዚያ የዲስትሪቢዩተሩን (ኤሌክትሪኩን ለአራቱ ካንዴላዎች የሚያከፋፍለውን) ክዳን ሁለት ማያዣ ሽቦዎች ገልብጡና ክዳኑን አንሡት።

አሁን የሲሊንደሮቹን ቁጥር እንያዝ። ከመኪናው ኋላ ቆማችሁ ወደ ፊት ስታዩ በቀኝ በኩል የፊተኛው 1፣ የኋለኛው 2 ነው። በግራ በኩል የፊተኛው 3፣ የኋለኛው 4። «ፊት» ሲባል ወደ መኪናው አፍንጫ ነው፤ ይህን የሚያምታታ ብዙ ነው። በየጎኑ አራት ቫልቮች አሉ። ዳርና ዳር ያሉት አስወጪ፣ መካከል ያሉት ሁለቱ አስገቢ ናቸው።

የ21 ቁልፉን ዲናሞው ፑሌጃ (ቺንጋው የሚዞርበት ክብ ብረት) ዳዶ ላይ አድርጋችሁ ሞተሩን በሰዓት አቅጣጫ አዙሩት። ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ያለው ሮተር አፉ ጠርዝ ላይ ወዳለችው ትንሽ ጭረት ሲያመለክት ቁጥር 1 ላይ ናችሁ። ታች ያለው ትልቁ ፑሌጃ ላይ ያለው ምልክትም ሞተሩ ለሁለት የሚከፈልበት መስመር አካባቢ መሆን አለበት። ጥቂት ዲግሪ ቢዛነፍ ለቫልቭ ልኬት ለውጥ አያመጣም። ፑሌጃው ላይ በዚህ ነጥብ ትይዩ፣ በተቃራኒው ጠርዝ፣ በነጭ ቀለም ሌላ ምልክት አድርጉ። ግማሽ ዙር ለማወቅ ይረዳችኋል።

ከሥር ግቡና የቀኙን ቫልቭ ክዳን የያዘውን ወፍራም ሽቦ በካቻቪቴ ወደ ታች ገፍታችሁ አውርዱት። ዕቃ ደግኑበት፣ ትንሽ ዘይት ይፈስሳል። የቁጥር 1ን ሁለት ሮከሮች በጣት ነቅነቅ አድርጓቸው። ሁለቱም ትንሽ ካልተነቃነቁ ወይ ጠብቀዋል፣ ወይ ሮተሩ በተቃራኒው ዞሯል። ሳትለኩ በፊት አረጋግጡ።

ለአብዛኞቹ የ1300፣ የ1500 እና የ1600 ሞተሮች ክፍተቱ ለአስገቢም ለአስወጪም 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። የቆዩ የ1200 ሞተሮች የተለየ ልክ ሊኖራቸው ይችላል፤ ማራገቢያው ቤት ላይ ወረቀት ተለጥፎ ካለ እሱን ተከተሉ። ፊለር ጌጁን አስገቡት። ቅቤ ላይ እንደሚሄድ ቢላ ትንሽ ያዝ እያደረገ መንሸራተት አለበት። ካላለፈ ጠብቋል፣ ያለ ምንም መያዝ ካለፈ ላልቷል።

ለማስተካከል የ13ቱን ዳዶ ላላ አድርጉ። መሐሉ ላይ ያለውን ብሎን በካቻቪቴ እያዞራችሁ ልኩን አግኙ። ከዚያ ብሎኑን በካቻቪቴው እንደያዛችሁ ዳዶውን አጥብቁ። ዳዶው ሲጠብቅ ብሎኑን ይዞት መዞር ይወዳል፣ ስለዚህ ደግማችሁ ለኩ። መጀመሪያ ላይ እኔ አንዱን ቫልቭ አራት አምስት ጊዜ እደጋግመው ነበር። አይክፋችሁ።

የብሎኑን ጫፍ በባትሪ መብራት እዩት። መሐሉ ከጎደጎደ ፊለር ጌጁ ጉድጓዱን ተሻግሮ ያልፋል፣ እውነተኛው ክፍተት ግን እናንተ ከለካችሁት ይሰፋል። እንዲህ ያለውን ብሎን ቀይሩት።

ቁጥር 1 ሲያልቅ ሞተሩን በሰዓት አቅጣጫ ግማሽ ዙር አዙሩት። ሮተሩ ሩብ ዙር ይሄዳል፣ አሁን ቁጥር 4 ላይ ናችሁ። ከዚያ ግማሽ ዙር ለ3፣ ከዚያ ግማሽ ዙር ለ2። ይህ ሞተሩ የሚተኩስበት ቅደም ተከተል ነው፦ 1፣ 4፣ 3፣ 2። በ1፣ 2፣ 3፣ 4 ተራ እንዲሄድ ሞተሩን ወደ ኋላ የሚያዞሩም አሉ። እኔ ወደ ፊት እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ወደ ኋላ ሲዞር የዲናሞው ዳዶ ሊላላ ይችላል።

ቁጥር 3 ላይ ስትደርሱ ቆም በሉ። በብዙዎቹ የቆዩ ሞተሮች ዘይት ማቀዝቀዣው ማራገቢያው ቤት ውስጥ ቆሞ ወደዚህ ሲሊንደር የሚሄደውን አየር ይጋርደዋል። ስለዚህ ሲሊንደሩ ከሌሎቹ ይበልጥ ይሞቃል። ኋላ ላይ ፋብሪካው ማቀዝቀዣውን ከመንገዱ አወጣው። የቁጥር 3 አስወጪ ቫልቭ በየጊዜው እየጠበቀ ካገኛችሁት ቫልቩ እየተሳበ ወይም መቀመጫው እየሰመጠ ነው። እያላሉ መንዳት መፍትሔ አይሆንም። የሞተሩ ራስ ወርዶ መታየት አለበት።

ክዳኖቹን በአዲስ ጓርኒሲዮን መልሱ። ማጣበቂያ የምትቀቡ ከሆነ በክዳኑ በኩል ብቻ ይሁን።

ቅዳሜ ከሰዓት በፊት፦ ፑንቲናና ካንዴላ

ካንዴላዎቹን ወደ ብርሃን አውጥታችሁ ተመልከቷቸው። ጫፋቸው እንደ ፈዘዘ ቡና ከሆነ ሞተሩ ደኅና ነው። ጥቀርሻ የመሰለ ደረቅ ጥቁር ከሆነ ቤንዚኑ በዝቷል። እዚህ ከተማ ውስጥ ይህ የተለመደ ነው፣ ለቆላ የተመጠነ ካርቡራተር ደጋ ላይ ሲሠራ ቤንዚኑ ከሳሳው አየር ይበልጣል። እርጥብና ዘይታም ከሆነ ችግሩ ከውስጥ ነው። ነጭ ሆኖ ከተቃጠለ ሙቀቱ አልፏል፣ ምክንያቱን ሳታገኙ አትንዱ። አዲሶቹን ክፍተታቸውን 0.7 ሚሊ ሜትር አድርጋችሁ መጀመሪያ በእጅ አስገቧቸው። የሞተሩ ራስ አሉሚኒየም ስለሆነ ጠምሞ የገባ ካንዴላ ጥርሱን ይበላዋል።

ፑንቲናው ኤሌክትሪኩን እየከፈተና እየዘጋ ካንዴላውን የሚያስተኩሰው ነው። ፊቱ ከተቆፈረ ከነኮንደንሰሩ ቀይሩት። ሞተሩን አዙራችሁ ፑንቲናው ከሁሉ በላይ በተከፈተበት ቦታ ላይ አቁሙት። ክፍተቱን 0.4 ሚሊ ሜትር አድርጉና ብሎኑን አጥብቁ። የሚፋተገው ክፍል ላይ የክብሪት ራስ የምታክል ግሪስ ይበቃል። ከዚያ ከበዛ ፑንቲናው ፊት ላይ ተረጭቶ ያበላሸዋል።

አሁን ታይሚንጉ፣ ማለትም ካንዴላው የሚተኩስበት ቅጽበት። ፑንቲናው ከእሱ መቅደሙ ግዴታ ነው፣ የፑንቲናው ክፍተት በተለወጠ ቁጥር ታይሚንጉ አብሮ ይለወጣልና። ለብዙዎቹ የ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የ1300 እና የ1500 ሞተሮች ልኩ ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ከመድረሱ 7.5 ዲግሪ ቀድሞ ነው። ሌሎች ሞተሮችና ሌሎች ዲስትሪቢዩተሮች የተለየ ልክ አላቸው፣ ስለዚህ የእናንተን የሞተር ዓይነት አጣሩ። የፑሌጃውን የራሱን ምልክት (በነጭ የቀባችሁትን አይደለም) ከሞተሩ መካከለኛ መስመር ጋር አግጥሙ፤ ሮተሩም ወደ ቁጥር 1 ይመልከት። የመፈተሻ አምፖሉን አንድ ሽቦ ኮይሉ (ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልት የሚፈጥረው) ላይ ፑንቲናው ከሚገናኝበት፣ ሌላውን ከሞተሩ ብረት ጋር አገናኙ። ቁልፉን ክፈቱ። የዲስትሪቢዩተሩን ማሰሪያ አላልታችሁ መጀመሪያ አምፖሉ እስኪጠፋ በሰዓት አቅጣጫ አዙሩት። ከዚያ ቀስ ብላችሁ በተቃራኒው መልሱት። አምፖሉ ብልጭ ባለባት ነጥብ አቁሙና እሰሩት። እንደጨረሳችሁ ቁልፉን ዝጉ፣ ፑንቲናው ተዘግቶ ከቆየ ኮይሉ ይግላል።

«ትንሽ ቀድሞ ቢተኩስ ጉልበት ይጨምራል» የሚል ምክር ትሰማላችሁ። አትስሙት። በአየር በሚቀዘቅዝ ሞተር ላይ የዚያ ጉልበት ዋጋ ሙቀት ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፦ ዘይት

ቫልቭ ቀዝቃዛ ሞተር ይፈልጋል፣ ዘይት ደግሞ ሙቅ። ለዚህ ነው ቅደም ተከተሉ እንዲህ የሆነው። መኪናዋን አውርዳችሁ አስነሷትና ሩብ ሰዓት ያህል ንዷት። ተመልሳችሁ ዘይቱን አፍስሱ።

ቮልስ የወረቀት ማጣሪያ የላትም። ያላት የሽቦ ወንፊት ነው። እሱን የያዘው ክብ ሳህን በስድስት የ10 ዳዶዎች ታስሯል። በብዙዎቹ ሞተሮች መሐሉ ላይ የማፍሰሻ ብሎን አለ። ሳህኑን ፍቱና ወንፊቱን በነጭ ጋዝ እጠቡት። ወንፊቱ ላይ የተያዘውን ነገር በጣታችሁ አሹት። ጥቁር ዝቃጭ የተለመደ ነው። የሚያብለጨልጭ የብረት ቅንጣት ካለ ግን ኩሽኔታ እየተበላ ሊሆን ይችላል።

የሞተሩ አካል የማግኒዚየም ቅይጥ ነው። ቀላል ነው፣ ለስላሳም ነው። የእኔን መኪና አንድ ጋራዥ ውስጥ ዘይት ሲቀይሩላት እነዚያን ስድስት ዳዶዎች በረጅም ቁልፍ አጠበቋቸው። ሁለቱ የሞተሩን ጥርስ ይዘው ወጡ። ዘይቱ መንጠባጠብ ጀመረ። ያንን ለማስጠገን ያወጣሁት የአሥር ዘይት ቅያሪ ዋጋ ነበር። በራሴ እጅ መሥራት የጀመርኩትም ከዚያ ቀን ወዲህ ነው። ለእነዚህ ዳዶዎች 7 ኒውተን ሜትር ይበቃቸዋል። መለኪያ ከሌላችሁ አጭር ቁልፍ ያዙና በሁለት ጣት ብቻ ሳቡ። በአንድ ዙር አትጨርሷቸው፤ ትይዩ ትይዩውን እያፈራረቃችሁ አጥብቁ።

የሚገባው ዘይት 2.5 ሊትር ነው። ኤስ ኤ ኢ 30 የመኪናዋ ዘመን ዘይት ነው፣ 20 ደብሊው 50ም ለአዲስ አበባ አየር ይሆናል። አሮጌውን ዘይት የፍሳሽ ቱቦ ውስጥ ወይም መሬት ላይ አትድፉት። በጄሪካን ይዛችሁ ለሚሰበስቡ ሰዎች ስጡ።

እሁድ፦ ቺንጋ፣ ቤንዚንና ቀዳዳዎች

እሁድ ቀለል ይላል። በቺንጋው ጀምሩ። ዲናሞውንም ማራገቢያውንም የሚያዞረው እሱ ስለሆነ ሲበጠስ ማቀዝቀዣው በዚያች ሰከንድ ይቆማል። መሐሉን በአውራ ጣት ስትጫኑት 15 ሚሊ ሜትር ያህል ይግባ። ከላላ የዲናሞውን ፑሌጃ ዳዶ ፍቱ። ፑሌጃው እንዳይዞር ጎኑ ላይ ባለችው ቀዳዳ ካቻቪቴ አስገብታችሁ ያዙት። በሁለቱ የፑሌጃ ሳህኖች መካከል ካሉት ሮንዴላዎች አንድ አንሡና ከውጭ በኩል መልሱት። ሳህኖቹ ይቀራረባሉ፣ ቺንጋው ከፍ ይላል፣ ይጠብቃል። የተነሣችው ሮንዴላ ውጭ ላይ ስለምትቀመጥ አትጠፋም። ይህንን ያሰበውን መሐንዲስ ሁልጊዜ አመሰግነዋለሁ። መንገድ ላይ የዲናሞው ቀይ መብራት ከበራ ወዲያው ቁሙ። «እስከ ቤት ታድርሰኝ» ብሎ መንዳት ሞተር ይጨርሳል።

ቀጥሎ ቤንዚን። ብዙ ቮልሶች ያለቁት በአደጋ ሳይሆን በቃጠሎ ነው። ቱቦዎቹን ሁሉ፣ ከታንኩ ሥር ያለውንም ሳትረሱ፣ በአዲስ ቀይሩ። ሁለቱም ጫፍ ላይ ማጥበቂያ ይኑር። ከዚያ ካርቡራተሩ ላይ ቱቦው የሚሰካበትን ትንሽ የነሐስ ቧንቧ ያዙና ነቅነቅ አድርጉት። በግፊት ብቻ የገባ ስለሆነ በጊዜ ብዛት ይላላል። እሱ ከተነቀለ ፓምፑ ቤንዚኑን በጋለ ሞተር ላይ ይረጫል። ከተነቃነቀ ሳይጠገን መኪናዋ አትነሳ። የፕላስቲክ ማጣሪያ ካላችሁ ከሞተሩ ክፍል አውጥታችሁ ከውጭ በኩል አድርጉት። የዱቄት እሳት ማጥፊያ መኪናው ውስጥ ይኑር። ማግኒዚየም ከተቀጣጠለ ውኃ ያባብሰዋል።

ከዚያ በሞተሩ ዙሪያ ያለውን ጎማ በእጃችሁ ተከተሉት። የተቀደደ ካለ ከሥር ያለው ትኩስ አየር ወደ ላይ ወጥቶ ማራገቢያው መልሶ ይስበዋል። የጎደለ ቆርቆሮ፣ ክፍት የቀረ ቀዳዳ፣ የወለቀ የካንዴላ ሽቦ ጎማ ሁሉ ያው ነው። ጌጥ አይደሉም፣ የማቀዝቀዣው አካል ናቸው። አየር ማጣሪያው ባለ ዘይት ከሆነ አቧራው ወፍሮ ጭቃ ሆኖ ይጠብቃችኋል። አጥባችሁ ምልክቱ ድረስ አዲስ ዘይት ጨምሩበት።

በመጨረሻ መኪናዋን አሙቁና የካርቡራተሩን የቆመ ዙር (መኪናዋ ቆማ ሞተሩ የሚዞርበትን ፍጥነት) አስተካክሉ። የቤንዚንና የአየር ድብልቅ ብሎኑን ሞተሩ መዳከም እስኪጀምር ቀስ እያላችሁ አጥብቁ። ከዚያ ለስልሶ እስኪሠራ አላሉት። ካንዴላዎቹ አሁንም ጥቁር ከሆኑ አነስ ያለ ዋና ጂግለር (ቤንዚኑን የሚመጥን ቀዳዳ) የሚፈልግ ካርቡራተር ነው። ያንን ለሌላ ቅዳሜ አቆዩት፤ ሁሉንም ባንድ ላይ ከለወጣችሁ የትኛው እንደጠቀመ አታውቁም።

እኔ ከዚህ በኋላ ወደ እንጦጦ እወጣለሁ። ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ፣ ሳልጨክንባት። ላይ ስደርስ አጠፋትና የቫልቭ ክዳኖቹ ሥር ጎንበስ ብዬ አያለሁ፤ ቱቦዎቹን አሸታለሁ። ከዚያ ከወንበሩ ኪስ ደብተሬን አወጣና ቀኑን፣ ኪሎ ሜትሩንና የስምንቱን ቫልቮች ክፍተት እጽፋለሁ፤ ሳገኛቸው ስንት እንደነበሩ፣ ስንት እንዳደረግኳቸው። የቁጥር 3 አስወጪን ከሌሎቹ ለይቼ በቀይ እስክሪብቶ ነው የምጽፈው።